ደብተር ላይ ያለችው አሰለች

እየሩስ ከቅዳሴ ስትመለስ ታላቅ ወንድሟ ቢሆነኝ ግቢው መሀል ቆሞ የሸክላ ዕቃ ይሰብር ነበር። ተናዶ ያገኘውን የሚወረውር ሰው አይመስልም፤ ተራ አስይዞ ነው የሚሰብረው። የወጥ ድስቱን፣ የቅቤ ምንቸቱን፣ የውሃ እንስራውን፣ ለመስቀል የተገዛውን ሰፊ ምጣድ ሳይቀር ከማድ ቤት አውጥቶ ግድግዳው ሥር ደርድሯቸዋል። አንዱን ያነሳል፣ አፉን መሬት ላይ ይደፋል፣ በመጥረቢያ ጀርባ ይመታዋል፣ ስባሪውን በእግሩ ገፍቶ ወደሚቀጥለው ይዞራል። እናታቸው ወይዘሮ ባንችይርጋ ደጁ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያያሉ። ሚስቱ ውባንቺ የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ልጁ ከሐሙስ ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ጡት አይዝም፣ ሲያለቅስ አድሮ ሲያለቅስ ይውላል። አሁን ግን ድምፁ አልቆ የሚያቃስት ብቻ ነው።

«አያ ቢሆነኝ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች እየሩስ።

ቢሆነኝ መጥረቢያውን አስቀመጠና ከኮቱ ውስጥ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አውጥቶ ፊቷ ላይ ያዘው። የራሷ ደብተር ነው። ትናንት ፍራሿ ሥር ነበር የተወችው።

«ታውቂ ነበር» አላት። «እያወቅሽ ዝም አልሽን። ልጄ እዚህ እየሞተ አንቺ በጽሑፍ ታስቀምጫለሽ!» ከዚያም አንደኛ ክፍል እንዳለ ተማሪ ጮክ ብሎ ቃል ከቃል እየነጠለ አነበበ፤ «ስም፦ አሰለች። ሥራ፦ ሸክላ ሠሪ። ኃይል፦ በእጇ የሠራችው ዕቃ ባለበት ቤት ሁሉ የሚወራውን ትሰማለች። ስትፈልግም በዕቃው በኩል የቤቱን ሰው ታዳክማለች።»

እየሩስ መጀመሪያ ያየችው ወንድሟን ሳይሆን የጓሮውን ክፍል በር ነው። አሰለች የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ሴት ያቺን ክፍል ተከራይተው ሁለት ዓመት ኖረዋል። ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፣ ሌላውን ቀን ጭቃ ሲያቦኩና ኩበት ሲያነዱ ይውላሉ። በሩ ተዘግቷል። ሴትዮዋ እሑድ ስለሆነ የትም እንዳልሄዱ፣ ከዚያ በር ኋላ ተቀምጠው በእጃቸው የሠሩት ዕቃ አንድ በአንድ ሲሰበር እየሰሙ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«ጨዋታ ነው» አለች እየሩስ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ቀለለባት።

ጨዋታ መሆኑስ እውነት ነው። እየሩስ የምትሠራው አንድ ሆቴል ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት ነው። ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ያረፈ አንድ የፈረንጅ ተማሪ ሲሄድ የጨዋታ ደንብ ያለበት ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ ጠጠር፣ ለሠራተኞቹ ጥሎ ሄደ። አስጎብኚው ደሳለ መጽሐፉን በክረምት ተቀምጦ ጨረሰውና አጫዋች ሆነ፤ እሷና የሆቴሉ ወጥ ቤት ከፋለ ተጫዋቾች ሆኑ። እሑድ እሑድ ከሰዓት የአንሶላ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ከተማ ውስጥ ነው፤ ታክሲ አለ፣ ሞባይል አለ፣ ቀበሌ አለ፣ ነገር ግን ከሰዉ መሀል አስማት የሚያውቁ ተደብቀው ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው በወረቀት ላይ ይፈጥርና በዚያ ሰው አፍ ይናገራል፤ የሚያደርገው ነገር ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይወስናል። የጨዋታውን ከተማ የሚኖሩባትን ላሊበላን ለማድረግ ሦስቱም አልደፈሩም፤ ቤተ ክርስቲያኖቹን ጨዋታ ውስጥ ማስገባት ነውር ነው ብለው ደሴን መረጡ። ከፋለ ጉልበተኛ የአውቶብስ ተራ ተሸካሚ ፈጠረና በአንድ ቀን ጨረሰ። አስማት አዋቂዋን የመፍጠር ዕጣ ለእየሩስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሑድ አልፏል።

መጀመሪያ ደብተራ ጻፈች። ከፋለ «አጎቴ ደብተራ ነው፣ በሱ አትቀልዱ» ብሎ አኮረፈ። ቀጥላ የምትበር ሴት ጻፈች። ደሳለ መጽሐፉን ገልጦ «በርራ የት ትሄዳለች? ደሴ ላይ ጉሙ አለ፣ የመብራት ሽቦው አለ» አለና መለሰባት። ለሦስተኛ ጊዜ ሰው የምትፈውስ ሴት ብትጽፍ «ሁሉን ካዳነች ጨዋታው ምን ቀረው?» አላት። ኃይሏ ከየት መጣ? ምን ትችላለች? በምን ይከሽፋል? ስትጠቀምበት ምን ያስከፍላታል? ይኸን ሁሉ መልሺ ይላታል፣ ስትመልስ ደግሞ መልሱን ያርማል። ለሌለች ሴትዮ ይኸን ያህል መጨነቅ ምን የሚሉት ነው እያለች ትናንት ከሰዓት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ እርሳሷን ስታኝክ፣ አሰለች ከገበያ ተመልሰው ደጃቸው ላይ ያልደረቀ ድስት በለሰለሰ ድንጋይ ሲወለውሉ አየች። ድስቱን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ጆሯቸውን ወደ አፉ ዘንበል አድርገው፣ የሆነ ወሬ የሚነግራቸው ይመስል። እርሳሱ ከዚያ በኋላ አልቆመም። በአንድ ሰዓት ሙሉ ገጽ ሞላ። ኃይሉን ጻፈች፣ ዋጋውንም ጻፈች፤ የሰው ወሬ በሰማች ቁጥር ከራሷ ትዝታ አንዱ ይጠፋባታል። «ታዳክማለች» የሚለው የእሷ ሐሳብ እንኳን አልነበረም፤ ደሳለ የሚጎዳ ነገር የሌላት አስማተኛ በመጀመሪያው ጠብ ታልቃለች ስላለ መጨረሻ ላይ የለጠፈችው ነው። ስሙንም በኋላ እቀይረዋለሁ ብላ ነበር።

«እንደ ምን ያለ ጨዋታ?» አለ ቢሆነኝ። «እንደ ገበጣ?»

«እንደ ገበጣ በለው።»

«ገበጣ ላይ የጎረቤት ስም ይጻፋል?»

ልጁን ጤና ጣቢያ ወስደውት እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ባንችይርጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትመጣው ሰኞ ነው አሉ። ጤና ጣቢያው ግን እሑድም ክፍት ነው፣ ባጃጅ በአምስት ደቂቃ ያደርሳል አለች እየሩስ። ውባንቺ ባሏን አየች፣ ባሏ እናቱን አየ፣ እናቱ የተሰበረውን እንስራ አዩ። አባ ገብረመስቀል ተጠርተዋል፣ መጥተው ይዩት፣ ከዚያ በኋላ ይታሰባል ተባለ። የጎረቤት ሴቶች ከአጥሩ ወዲያ ተሰብስበዋል። በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ላይ ስለ ሽንት ቤትና ስለ አጎበር ሪፖርት የምታቀርበው ሴት ሳትቀር፣ ነገሩን ድሮም ጠርጥሬ ነበር የሚል ፊት ይዛ ቆማለች።

እየሩስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተመልሳ ወጣች። ጨዋታ መሆኑን የሚመሰክርላት ደሳለ ብቻ ነው። ኮብልስቶኑ ገና ካልተነጠፈበት መንገድ አቧራ እየቃመች ሆቴሉ በር ስትደርስ፣ ደሳለ እንግዶቹን ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚወስደውን መኪና እየጠበቀ ነበር። የሆነውን እየተንተባተበች ነገረችው። ደሳለ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ስሙን መቀየር ነበረብሽ» አላት። «በዚያ ላይ ማዳከም ለሚያህል ኃይል አንድ ትዝታ ርካሽ ነው። እኔ አላጸድቀውም ነበር።»

«ደሳለ፣ ሰው ከቤት ሊባረር ነው እኮ የምልህ!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። መጽሐፉን ላምጣ?»

አምጣ አለችው። ያን ማለት እንዳልነበረባት የገባት ከደረሱ በኋላ ነው።

አባ ገብረመስቀል የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ቦታ ሲሄዱ መታየት ከተዉ ቆይተዋል። ደጁ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ደብተሩን ለዓይናቸው አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር። አንድ ገጽ ለማንበብ ዳዊት የሚደግሙ ያህል ጊዜ ወሰዱ። ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። የጓሮው በር እንደተዘጋ ነው።

«ይቺ ሴት» አሉ በመጨረሻ፣ «የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ይላል።»

«አዎ አባ» አለ ደሳለ ጎንበስ ብሎ። «ሴትዮዋ ፈጠራ ናት። የለችም።»

«የኛዪቱስ ደሴን ታውቃለች?»

«አታውቅም» አሉ ወይዘሮ ባንችይርጋ ሳይወዱ። «ከጋሸና ወዲያ አላለፈችም።»

እየሩስ ነገሩ ሊፈታ ነው ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። ይኸኔ ደሳለ ለማጠናከር ብሎ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ከፈተና «ይኸውልዎ፣ ደንቡ እዚህ አለ» እያለ አቀረበላቸው። የተከፈተው ገጽ ላይ ከመብራት ምሰሶ ሥር የቆመ፣ ቀንድ ያለው፣ ዓይኑ እሳት የሚተፋ ነገር በቀለም ተስሏል። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት አማተበች። ውባንቺ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «አሁንስ ምን ቀረ?» አለ ቢሆነኝ።

«ይኸ ጠላት ነው! እኛ የምንዋጋው ነው!» ይላል ደሳለ፤ የሚሰማው ግን የለም። እየሩስ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቃ ዘጋችው።

አባ ገብረመስቀል ሥዕሉን አይተው አልደነገጡም። ወደ ውባንቺ ዞረው ልጁ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቁ። አራት አለች። ሐኪም አይቶታል ወይ ሲሉ ውባንቺ አንገቷን ደፋች። «እኔ እጸልያለሁ፤ እናንተ ደግሞ ልጁን ሐኪም ዘንድ አድርሱ። አራት ቀን ሙሉ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ተቆጡ። ደብተሩን ለእየሩስ ሲመልሱላት «የሰው ስም መቀለጃ አይደለም፣ ልጄ» አሏትና በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ።

«አባ» አለች እየሩስ ተከትላቸው። «ስለ እትዬ አሰለች ምንም አላሉም እኮ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ፊታቸውን ወደ ሰዉ መለሱ። «ይቺን ሴት የሚከስ አለ? ካለ እኔ ፊት ይናገር።»

አንድም ሰው አልተናገረም። ቢሆነኝ የመጥረቢያውን እጀታ በአውራ ጣቱ ይፈትጋል። ወይዘሮ ባንችይርጋ መሬት መሬት ያያሉ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶች የተጠሩ ይመስል አንድ ሁለት እያሉ ወደ የቤታቸው አዘገሙ። እየሩስ አንዱ እንኳን ቡዳ ናት ብሎ በአፉ ቢናገር ምን አለ ብላ ተመኘች፤ ቃል ከወጣ መልስ ይሰጠዋል። ዝምታን ምን ብላ ትከራከረዋለች? አባ ገብረመስቀልም መልስ እንዳገኘ ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ባልና ሚስት ልጁን ይዘው በባጃጅ ወጡ። ደሳለ ሰዓቱን አይቶ እንግዶቼ ብሎ ሮጠ።

የጓሮው በር የተከፈተው ግቢው ጭር ሲል ነው። እየሩስ ስትገባ አሰለች አልጋቸውን አፍርሰው፣ ልብሳቸውን በአንሶላ ጠቅልለው ጨርሰዋል። ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሿን የታጠፈ ማዳበሪያና የአፈር ክምር ይዞታል፤ ግድግዳው ላይ ካለፈው ዓመት ካላንደር በቀር የተሰቀለ ነገር የለም። ሴትዮዋ አላለቀሱም። ጠፍር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እየሩስ የያዘችውን ደብተር አዩና «አንብቢልኝ» አሉ።

«ይተዉት እትዬ አሰለች። የማይረባ ነገር ነው።»

«ለሁሉ ተነቧል። ለእኔ ምነው?»

እየሩስ አነበበች። በሕይወቷ እንዲህ ከብዷት ያነበበችው ነገር የለም። ጥርሷ ፍንጭት፣ ጥፍሯ ውስጥ ሁልጊዜ ጭቃ፣ ከሰው ጋር የማትቀላቀል፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዕቃዋን የምታዳምጥ። አሰለች ስለ ጥርሳቸው ሲሰሙ በምላሳቸው ጥርሳቸውን ነካ አደረጉ። ከሰው የማትቀላቀል የሚለው ላይ ሲደርስ «ማን ጠርቶኝ?» አሉ በቀስታ። ሲያልቅም፣

«እና ወሬ ነው የምሰማው?» አሉ።

«ጨዋታ ነው፣ እትዬ አሰለች። ድስቱን ሲወለውሉ ጆሮዎን ሲያስጠጉ አይቼ ነው። የሚያዳምጡ መሰለኝ።»

«አዳምጥ ነበር። ስንጥቅ ያለው ድስት ሲነካ ድምፁ ይለያል። እሳት ላይ ወጥቶ ከሚፈነዳ በእጄ እያለ ልወቀው ብዬ ነው።» እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ይኸን ብትጽፊ ኖሮ ማን ይጣላኝ ነበር?»

እየሩስ ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ አሰለች ግን ገና አልጨረሱም።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። መንደሩ ሙሉ ሰው ነው። ቢሮ የምትሠራ አለች፣ ሱቅ ያላት አለች፣ የአንቺው እናት አለች። አስማት የምታውቅ ሴት ብለሽ ስታስቢ ምነው ዓይንሽ እኔ ላይ አረፈ?»

የምትመልሰው ብዙ ነበራት። መስኮቱ በእርስዎ በኩል ስለሆነ ልትል አሰበች። ሥራዎ ስለሚያምር ልትልም አሰበች። ሁለቱም ውሸት አይደለም። ግን ከሁለቱ ሥር ያለውን ነገር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትላክ፣ ሸክላ ሠሪ ባለፈች ቁጥር ሲንሾካሾክ የሰማችውን ነገር ታውቀዋለች። እሷ ተምራለች፣ ከፈረንጅ ጋር ስታወራ ትውላለች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ትስቃለች። እርሳሷ ግን አልሳቀም። «አላውቅም» አለች።

«እኔስ አውቄዋለሁ» አሉ አሰለች፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «መቼስ ኃይል ከሰጠሽኝ አይቀር ጆሮ የሚደፍን ስጪኝ። መስማቱስ ይበቃኛል።»

እንዲቆዩ ለመነቻቸው። ቤቱ የእናቷ ነው፣ አባ የሚከስ አለ ብለው ጠይቀው ማንም አልተናገረም አለች። «አዎ፣ ማንም አልተናገረም» አሉ አሰለች። «ናት የሚል ጠፋ። አይደለችም ያለስ አለ?» ጋሸና የምትኖር እህታቸው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ላላት ሴት እንጀራ ትጋግራለች፤ እዚያ ይሻላል አሉና ጥቅላቸውን አነሱ። እየሩስ የቀረውን አነሳች። ሁለቱ ተከታትለው በሰፈሩ መሀል ሲወርዱ በየደጁ የተቀመጠው ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ በዓይኑ ሸኛቸው። መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ የእየሩስ ሞባይል ጮኸ። ደሳለ መልእክት ልኳል፤ «አሥር ሰዓት እንጀምራለን። ከፋለም መጥቷል። ካራክተርሽን አስተካከልሽ?» ይላል። ስልኩን አጠፋችው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብራ ቆመች። አሰለች ከመስኮቱ ሆነው «በይ ግቢ፣ ፀሐዩ መታሽ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም። ደብተሩን እዚያው መናኸሪያ ጥግ ቀደደችና፣ ቁርጥራጩን የት እንደምትጥለው ግራ ገብቷት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ከግቢው በር ጀምሮ የቢሆነኝ ሳቅ ይሰማል። የልጁ ጆሮ ውስጡ መግል ይዞ ኖሯል። ሐኪሙ ማስታገሻ ሰጠው፣ ጠርሙስ ሽሮፕ አዘዘለት፣ መንገድ ላይ ጡት ያዘ። ጎረቤቶቹ ተመልሰው ደጁን ሞልተውታል።

«አየሽ?» አላት ቢሆነኝ፣ የጠዋቱን ጠብ ረስቶት፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። «ዕቃው በተሰበረ በሦስተኛው ሰዓት ለቀቀው!»

«መድኃኒቱስ?» እየሩስ ጠርሙሱን ከመደቡ ላይ አነሳችው። «ይኸ ምንድነው? ሐኪሙ ጆሮው ነው አላለህም?»

«እሱም ረድቷል» አለ ቢሆነኝ፤ ልቡ እንደተከፈተ ሰው።

ጠርሙሱን ይዛ ፊታቸው ላይ ቆመች። ስለ መግሉ ተናገረች፣ ስለ ትኩሳቱ ተናገረች፣ አራት ቀን ሙሉ ጆሮውን የሚያይለት ሰው ጠፍቶ ምስኪን ሴት እንደተባረረች እየጮኸች ተናገረች። በአዘኔታ አዳመጧት። አንዷ ጎረቤት ደክሟታል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም አለች። ወይዘሮ ባንችይርጋ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷትና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሄደች?» አሏት።

«ሄዱ።»

«እግዜር ይከተላት። ቤት የማትረብሽ፣ ደህና ሴት ነበረች» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

እየሩስ ጠርሙሱን ቦታው መለሰች። ቢያንስ ልጁ ድኗል፤ ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ጥፋት የሌለበት እሱ ነው ብላ፣ ውባንቺ ወደተቀመጠችበት ሄደች። ልጁ እናቱ ጭን ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ትልልቅ ዓይኖቹን ጣሪያው ላይ ያንከራትታል። አክስቱን ሲያይ አፉን ከፈተ። ልትስመው ጎንበስ ስትል ውባንቺ ነጠላዋን ስባ የልጁን ፊት ሸፈነችው። ቸኩላም፣ ደንግጣም አይደለም፤ ዝንብ እንደምታባርር ሴት በዝግታ ነው። ከዚያም ዓይኗን ሳታነሳ፣

«ተኝቷል» አለቻት።

ደጁ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ጠዋት በያዙት ፊት ወደ እሷ ዞሩ። እየሩስ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ከነጠላው ሥር ልጁ በሁለት እግሩ እየተራገጠ፣ ጨርቁን በምላሱ እየገፋ ይስቅ ነበር።